ከደንቡ ጋር የተላለፈው ሰው

የኅዳር ሚካኤል ማግሥት፣ ዐርብ በቀትር፣ አዱኛ የሚባል የጎጃም ሰው በሮቃ በር ገበሬ ማኅበር መጋዘን ውስጥ እንደተቆለፈበት ሞተ። ዘመኑ 1972 ነው። በዚያ ዘመን ሰው ሞተ ማለት ብቻውን ወሬ አይሆንም፤ ወሬ የሚሆነው «ደግሞ ማን ይከተለው ይሆን?» የሚለው ነው። ሮቃ በር ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች፣ ከሱዳን ድንበር ብዙም የማትርቅ መንደር ናት። እዚያ ሰው ከሰው ጋር ሲያወራ እንኳ አንድ ጊዜ ወደ ኋላው ዞር ብሎ ያይ ነበር።

ሃምሳ አለቃ ፈረደ በሰሊጥ መኪና ላይ ተጭኖ ከገንዳ ውሃ የደረሰው በዘጠኝ ሰዓት ነው። አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ አንዲት ሴት እግሩ ሥር ወደቀች። ውባንች ትባላለች፤ መጋዘኑን ይጠብቅ የነበረው የአዛናው ሚስት ናት፤ የስድስት ወር ነፍሰ ጡርም ነበረች።

«ሃምሳ አለቃ፣ በእመቤቴ ይሁንብዎ። ነገ በሦስት ሰዓት ካድሬው ይመጣል። ቁልፉ በአዛናው እጅ ነበር ብለው ባሌን አሳልፈው ሊሰጡት ነው። አምና የወሰዳቸው ሦስት ሰዎች ሬሳቸው እንኳ አልተመለሰም።»

ፈረደ ክንዷን ይዞ አነሣት። ተስፋ መስጠት አይወድም፤ ሰጥቶ ያልፈጸመው አንድ ሁለት ተስፋ ዛሬም ይቆጨዋል። ግቢና ውኃ ጠጪ፣ እስከ ነገ ሦስት ሰዓት ብዙ ጊዜ ነው፣ አላት። ብዙ ጊዜ አለመሆኑን ግን እሱም እሷም ያውቁት ነበር።

ይህ ፈረደ ፖሊስ ከመሆኑ በፊት ጎንደር ላይ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ያረጀ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ መጽሐፍ በጨርቅ ጠቅልሎ በቦርሳው ይዞ ይዞራል፤ ጠጉሩ ሸብቷል፤ ሲናገር ቀስ ይላል፤ ሲሰማ ግን አንዲት ቃል አታመልጠውም። የገንዳ ውሃ ሰዎች «ፈረደ ሌባ አይደለም የሚይዘው፣ ቃል ነው» እያሉ ያሙታል። እሱ ሐሜቱን ሰምቶ አልተቀየማቸውም።

መጋዘኑ ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ክዳን ነው፤ ውስጡ እንደ ምድጃ ይፋጃል። አዱኛ በጎኑ ወድቆ፣ አረፋ በአፉ ላይ ደርቆ፣ አንድ የአረቄ ጠርሙስ አጠገቡ ተንከባሎ ተገኘ። ፈረደ ጠርሙሱን አንሥቶ አሸተተ። ከአረቄው ሽታ ሥር ለሰሊጥ ተባይ የሚረጨው መድኃኒት ሽታ አለ። ያ መድኃኒት እንደሆነ በየቤቱ ሞልቷል፤ ለእርሻ የመጣው ለትኋንም ለምስጥም ይውላል፤ እሱን ይዞ ማንንም መክሰስ አይቻልም። ፈረደ የሟቹን ኪስ፣ የኮቱን ስፌት፣ የተኛበትን ጆንያ ሁሉ ፈተሸ። ደጋግሞ የፈለገውን ነገር አላገኘም፤ ምን እንደፈለገም ለማንም አልተናገረም።

ከዚያ ወጥቶ መጋዘኑን ዞረ። በጀርባው በኩል በሁለት ብረት የተከለለች፣ እጅና ጠርሙስ ብቻ የምታሳልፍ መስኮት አለች። ከሥሯ አንድ ቁራጭ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወድቋል፤ በጠርሙስ አፍ ልክ የተጠረበ ውታፍ ነው። ውታፉ ዙሪያ ጉንዳኖች ረግፈዋል። ፈረደ ቁጢጥ ብሎ ብዙ አያቸው፤ ከዚያ ውታፉን በመሐረቡ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

የማኅበሩ የፍርድ ሸንጎ ሰብሳቢ አቶ ደሞዝ ድሮ ዲያቆን የነበሩ፣ እጀ ጽሑፋቸው የሚያምር አዛውንት ናቸው። መዝገቡን ይዘው ሮቃው ዛፍ ሥር ጠበቁት። ነገሩ እንዲህ ነበር አሉ፤ አዱኛ ትናንት ለሚካኤል በዓል ንፍሮ ልቀቅል ብሎ ከሰሊጥ ክምር አጠገብ እሳት አነደደ። አዛናው አየው፤ ጥፊ አቀመሰው፤ ጎትቶ አመጣው። ዛሬ ጠዋት በሁለት ሰዓት ሸንጎ ቀረበ። አቶ ደሞዝ በመዝገቡ የጻፉትን በጣታቸው አሳዩት፤ «ደንብ መተላለፍ» ይላል።

«ሲነገረው ምን አለ?» አለ ፈረደ።

«ደነገጠ መጀመሪያ። ‹ጌታዬ፣ ደንብ መተላለፍ ምን ማለት ነው? ያስገድላል?› አለኝ። የለም ልጄ፣ ከጥፋት ሁሉ ታናሹ ነው፣ ከብት በሰው ማሳ እንደመልቀቅ ያለ ነው፤ ተግሣጽ ይሰጥሃል፣ አለቃህ መጥቶ ዋስ ሲሆንህ በዘጠኝ ሰዓት ትለቀቃለህ አልሁት። ይኸኔ ሳቀ። ‹እንዲያ ከሆነማ እኔና ደንቡ መንገድ ላይ ተላለፍን ማለት ነዋ! እሱ በዚያ ሲሄድ እኔ በዚህ!› አለን። ሸንጎው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

አዛውንቱ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ፈረደ ከዚያ የእስሩን ወሬ ከሸንጎው ውጭ ላለ ሰው ያደረሰ ማን እንደሆነ ጠየቀ። አዛናው ነው አሉት።

አዛናው እጁ በገመድ ታስሮ የማኅበሩ ቢሮ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ሠላሳ ዓመት የሆነው ሰው ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን በአንድ ቀን ያረጀ ይመስል ነበር። ምንም አልደበቀም። በጥፊ መታሁት አለ። መስኮቱ በጀርባ በኩል ስለሆነ ደጃፉ ላይ ለተቀመጠ ሰው አይታይም አለ። ደግሞም በስድስት ሰዓት ራበኝና ምግብ ሻጯ አይናዲስ ቤት ሽሮ ልበላ ሄድሁ፣ ለክምር እሳት የታሰረ ሰው የት ይሄዳል ብዬ፣ አለ። ስመለስ እንዴት ነው ብዬ ጠራሁት፤ ዝም ሲል ከፈትሁ፤ ሞቷል። ይህን ሲናገር ወደ ሚስቱ ማየት አልቻለም።

«መታሰሩን ለማን ለማን ነገርህ?»

«ለአይናዲስ ምሳ እንድትልክለት ነገርኋት። ሷሊህ ውኃ ሻጩ ሸንጎው ሲያልቅ እዚሁ ቆሞ ነበር፤ ከአቶ ደሞዝ አፍ ሰምቷል። ሦስተኛው የአዱኛ አለቃ፣ ካቦው ቸሩ ነው። የመንግሥት እርሻው ውስጥ ትራክተር ላይ ሆኖ አገኘሁት። ከመንገዱ ላይ ሆኜ ‹አዱኛ በደንብ መተላለፍ ታስሯል፣ ሸንጎው ይፈልግሃል!› ብዬ ጮህሁ። ሞተሩ እየጮኸ ነው። ‹በምን?› አለኝ። ደገምሁለት። በእጁ ‹እሺ፣ እሺ› ብሎ ሸኘኝ።»

«ዋስ እንዲሆን መሆኑን ነገርኸው?»

አዛናው አሰበ። «ሸንጎው ይፈልግሃል ነው ያልሁት። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ነው የጮህሁት።»

ፈረደ ከዚህ በኋላ ለሦስቱም አንድ ጥያቄ ይዞ ሄደ። ሰው በብዙ ጥያቄ ይጠነቀቃል፤ በአንዲት ጥያቄ ግን ይዘናጋል የሚል የቆየ እምነት አለው።

አይናዲስ ለመንገደኛ ምግብና አረቄ የምትሸጥ፣ ምላሷ ስለት የሆነ ጎልማሳ ሴት ናት። ጠርሙሱ የኔ ነው አለች፤ በዚህ አገር የኔ ጠርሙስ የሌለበት ቤት ካለ ያሳዩኝ አለች፤ በቆረቆንዳ የምወትፈውም እኔ ነኝ አለች። አዛናው ሲበላ እኔ ጉድጓዱ ዘንድ ውኃ ልቀዳ ወርጄ ነበርና በልቶ መቼ እንደወጣ አላውቅም አለች። ስለ ጥፋቱ ስትጠየቅ ሳቅ ቃጣት።

«ደንብ መተላለፍ አሉት። በእኔ ቤት በየቀኑ ስንቱ ይተላለፈዋል፣ እንዲያ ከሆነ! ምስኪን ነበር ሃምሳ አለቃ። ሰኞ ዕለት ቸሩ የትራክተር ዕቃ አምጣ ብሎ መተማ ዮሐንስ ልኮት፣ ባዶ እጁን ሲመሽ ገባ። እግሩ ጭቃ። አንዲት የሕፃን ጫማ ብቻ ይዟል። ‹መንገድ ላይ አገኘኋት፣ ባለቤቱን ባገኝ እሰጠው ነበር› አለኝ። ጅል ነው እኮ፣ ለአንድ እግር ጫማ!»

ፈረደ ጫማዋን አዱኛ አይናዲስ ቤት አደራ ባኖረው ጥቅል ውስጥ አገኛት። ቀይ፣ ማሠሪያ ያላት የከተማ ልጅ ጫማ ናት። ሮቃ በር ውስጥ እንዲህ ያለ ጫማ ያደረገ ሕፃን የለም። ኅዳር በገባ ዝናብ የለም፣ መንገዱም አቧራ ነው፤ ጭቃ ያለው ድንበሩ ላይ ባለው፣ ኾር በሚሉት ጅረት ውስጥ ብቻ ነው፤ ክረምት የሞላው ወንዝ ውኃው ገና አልደረቀም። ፈረደ ጫማዋን በጨርቅ ጠቅልሎ ኪሱ ከተታት።

ሷሊህ በአህያ ውኃ የሚሸጥ፣ ግማሽ ዕድሜውን ሱዳን ገላባት፣ ግማሹን እዚህ የኖረ ሽማግሌ ነው። መንደሩ ከአዛናው ቀጥሎ የጠረጠረው እሱን ነው፤ በዚያ ዘመን ከወዲያ ማዶ ዘመድ ያለው ሰው ምንጊዜም ተጠርጣሪ ነው። በመጋዘኑ ጀርባ በቀትር ማለፉን አልካደም፤ የአህያው መንገድ በዚያ ነው። ማንንም አላየሁም፣ ፀሐይዋ ዓይን ታጠፋለች፣ አለ።

«አዱኛ የታሰረው በምን ነበር?»

«ሙኻለፋ ነው፣ ሃምሳ አለቃ። በእናንተ ደንብ መተላለፍ ትሉታላችሁ፣ በእኛ ሙኻለፋ። ትንሽ ነገር፣ ማለሽ፣ ምንም አይደል! ወላሂ፣ ገላባት ብሆን ሻይ አጠጥተው ይለቁት ነበር።»

ቸሩ የቀን ሠራተኞች አለቃ ነው፤ በነሱ አነጋገር ካቦ። እንግዳ ተቀባይ፣ ሠራተኛ ሲታመም የሚያሳክም፣ ሰው የሚወደው ሰው ነው። ዐሥራ አራት ዓመት ትራክተር ነድቷል። ፈረደ በግራው በኩል ቆሞ ሰላምታ ቢሰጠው አልመለሰም፤ ኋላ ቀኝ ጎኑን አዙሮ «ይቅርታ፣ ምን አሉኝ?» አለ። ወደ መንደሩ በቀትር መምጣቱን ተናገረ፤ ሸንጎው ጠርቶኝ ነበር፣ ስደርስ ግን ሁሉም ምሳ ገብቶ ሮቃው ሥር ማንንም አጣሁ፣ ተመለስሁ፣ አለ። ስለ አዱኛ ሲያነሣ ከልቡ አዘነ፤ ፈረደ የሰው ሐዘን እውነተኛና ሐሰተኛውን ይለያል፤ ይህ ሐዘን እውነተኛ ነበር።

«በራሱ እጅ ነው የጠጣው ይመስለኛል» አለ ቸሩ፣ ስለ ጥፋቱ ሲጠየቅ። «አዛናውን በከንቱ ነው ያሰሩት። በዚህ ዘመን እንዲያ ባለ ጥፋት የተያዘ ሰው ጥይት እንደሚጠብቀው ያውቃል። ምን ያድርግ? ቢጠጣ ይፈረድበታል?»

ፈረደ አመሰገነውና ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ሮቃው ሥር እንዲገኝ በቀኝ ጆሮው በኩል ነገረው።

አዱኛን ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበሩት። የአገሩ ልጆች፣ አሥር የሚሆኑ የሰሊጥ አጫጆች፣ ማጭዳቸውን እንደያዙ መጥተው አለቀሱለት። ለእናቱ ማን ይነግራታል ሲባባሉ ፈረደ ሰማ። ውባንች ከሩቅ ቆማ የጉድጓዱን አፈር ትመለከት ነበር፤ እሷ ባሏን እንኳ የምትቀብርበት ጉድጓድ እንደማታገኝ አስባ ይሆናል።

ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት መንደሩ ሮቃው ሥር ተሰበሰበ። አቶ ደሞዝ መዝገባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። አይናዲስ ክንዷን አጣጥፋ ቆማለች። ሷሊህ አህያውን ከሩቅ አስሮ መጥቷል። ቸሩ ከፊት፣ አዛናው እጁ እንደታሰረ ከዛፉ ግንድ ሥር ነው። ካድሬው ከተባለው ሰዓት ቀድሞ ከሁለት ወታደር ጋር በላንድሮቨር ደረሰና ሳይቀመጥ ሰዓቱን ተመለከተ። አጭር፣ ልብሱ የተተኮሰ ሰው ነው።

«ጓድ ሃምሳ አለቃ፣ ቁልፉ የማን እጅ እንደነበረ እናውቃለን። ምን ያስሰበስባል?»

«ሩብ ሰዓት ይስጡኝ፣ ጓድ። ከዚያ በኋላ ሰውየውን እራሴ መኪናዎ ላይ አወጣልዎታለሁ።»

ካድሬው ትከሻውን ነቀነቀ። ውባንች አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ፈረደ መሐረቡን ፈትቶ ውታፉን አሳየ።

«አዱኛ በገዛ እጁ ሞተ የሚል አለ። ጠርሙሱን በልብሱ ደብቆ ከገባ በውታፍ ዘግቶት ነው የሚገባው፤ አለዚያ አንድ እርምጃ ሳይራመድ ይፈስበታል። መጋዘኑን የኮቱ ስፌት ሳይቀር ፈተሽሁት፣ ውታፍ የለም። ውታፉ የተገኘው ውጭ፣ ከመስኮቱ ሥር ነው፤ ዙሪያውን የፈሰሰውን የቀመሱ ጉንዳኖች ሞተዋል። ስለዚህ ጠርሙሱን ውጭ የከፈተ፣ ከፍቶም በመስኮት ያቀበለ ሰው አለ። አረቄ ያመጣልኝ ወዳጄ ነው ብሎ ጠጣ። በሸንጎ ፊት ሲስቅ የነበረ ሰው ነው፤ በዘጠኝ ሰዓት እንደሚለቀቅም ያውቃል። ለምን ይሞታል?»

«ይኸው እንግዲህ!» አለ ካድሬው፤ «ዘበኛው ነዋ።»

«ዘበኛው በር አለው፣ ቁልፍ አለው። አስሮ የሚጠብቀውን ሰው መርዝ ሊያጠጣ ከፈለገ በሩን ከፍቶ ይሰጠዋል እንጂ ዞሮ በመስኮት ምን አስሾለከው? በመስኮት የመጣ ሰው ቁልፍ የሌለው ሰው ነው። አዛናው ምሳ ሲበላ በዚያ በኩል ሊያልፉ የሚችሉ ሦስት ሰዎች አሉ። አይናዲስ ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች፤ ሷሊህ አህያውን ነድቶበታል፤ ቸሩ በሸንጎው ተጠርቶ መጥቷል። ሦስቱም ጠርሙሱንም መድኃኒቱንም አያጡም።»

ሕዝቡ ተጉረመረመ። ፈረደ እጁን አነሣ።

«ከሦስቱ ማን እንደሆነ የሚነግረን አንዲት ቃል ናት። አዱኛ የታሰረበትን ጥፋት እያንዳንዳችሁ በአፋችሁ ንገሩኝ። አቶ ደሞዝ፣ እርስዎ ይጀምሩ።»

«ደንብ መተላለፍ» አሉ አቶ ደሞዝ።

«አይናዲስ?»

«ደንብ መተላለፍ። ስንት ጊዜ ልበል?»

«ሷሊህ?»

«ሙኻለፋ። ደንብ መተላለፍ፣ ያው ነው።»

ፈረደ ወደ ቸሩ ዞረ። በቀኙ በኩል ቆመና ድምፁን ከፍ አደረገ። «ቸሩ፣ አንተስ?»

ቸሩ ግራ ተጋብቶ ሰዎቹን አየ። ምን አዲስ ነገር አለው እንደሚል ሰው በሙሉ ድምፁ መለሰ።

«እነሱ ያሉት ነው እንጂ። ድንበር መተላለፍ።»

ሮቃው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ወደሱ ዞረ። ከሠራተኞቹ አንዱ «ምን አለ?» ብሎ ጎረቤቱን ጠየቀ። ቸሩ ፊታቸውን እያየ፣ ያጠፋው ምን እንደሆነ ሳይገባው፣ እንደገና «ድንበር መተላለፍ» አለ።

«ድንበር ይሻገሩታል» አለ ፈረደ ቀስ ብሎ፤ «ድንበር ያቋርጡታል፣ ይጥሱታል። ድንበር ይተላለፉታል የሚል ሰው በዚህ አገር ሰምቼ አላውቅም። ይህን ያለ ሰው ‹መተላለፍ› የምትለዋን በደንብ ሰምቶ፣ ከፊቷ ያለችውን ያልሰማ ሰው ነው። አዛናው ከመንገድ ሆኖ ‹ደንብ› ብሎ ጮኸ፤ ሞተሩ ጮኸ፤ ዐሥራ አራት ዓመት ሞተር ያደነቆረው ጆሮ ‹ድንበር› ብሎ ተቀበለ። ቀጥሎ ‹ሸንጎው ይፈልግሃል› አለው። ሸንጎው የፈለገው ለዋስነት ነበር። ቸሩ ግን አዱኛ ተይዞ ስሜን አወጣው ብሎ ሰማ።»

«እና ቢሰማስ?» አለ ካድሬው። አሁን ሰዓቱን ማየት ትቷል።

ፈረደ ጨርቁን ፈታ። ቀዩዋን ጫማ አውጥቶ ቸሩ ፊት አደረጋት።

«ሰኞ ዕለት አዱኛን የትራክተር ዕቃ አምጣ ብለህ ላክኸው። ዕቃ አላመጣም። በዚህ በደረቅ ወቅት እስከ ጉልበቱ ጭቃ ይዞ ገባ፤ ጭቃው ያለው በኾሩ ነው። የከተማ ሕፃን ጫማ ይዞ ገባ። አንድን ቤተሰብ ወዲያ ማዶ ታሻግር ነበር፤ ሕፃኑን የሚሸከም ጠንካራ ትከሻ ፈለግህ፤ አዱኛ ተሸከመው። ጫማዋ ወለቀች። እሱ ለማንም አልተናገረም፤ ‹መንገድ ላይ አገኘኋት› ብሎ ሸፈነልህ። ትናንት ስጠይቅህ ‹እንዲያ ባለ ጥፋት የተያዘ ሰው ጥይት ይጠብቀዋል› አልኸኝ። ለንፍሮ እሳት ጥይት የሚጠብቅ ማን ነው? ጥይት የታየህ ለራስህ ነው።»

ቸሩ ጫማዋን አላነሣትም። ከዚያ ፊቱን ወደ አቶ ደሞዝ መለሰ፤ ቀኝ ጆሮውንም በመዳፉ ደገፈ።

«አባቴ፣ ምን ብለው ነው የጻፉት? ይድገሙልኝ።»

አዛውንቱ መዝገቡን ከፍተው፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ ቃል በቃል እየለዩ አነበቡለት። «ደ-ን-ብ መተላለፍ። ከሰሊጥ ክምር አጠገብ እሳት በማንደድ። ተግሣጽ ተሰጥቶት፣ አቶ ቸሩ ዋስ ሲሆኑት፣ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ይለቀቅ።»

«እሳት?» አለ ቸሩ። «ለእሳት ነው?»

ቸሩ ቆሞበት ከነበረው መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ስሜን ጠርቶ ነበር» አለ፤ ለማን እንደሚናገር አይታወቅም። «በመስኮቱ ሲያየኝ ‹ጋሼ ቸሩ፣ ሊወስዱኝ መጡ?› አለኝ። ደስ ብሎት። እኔ እያሾፈብኝ መሰለኝ። ለሱ ብቻ እኮ አይደለም፤ እኔ ከተያዝሁ ስንት ሰው ነበር የሚያልቀው።» ከዚያ በኋላ ማንም አልሰማውም።

አይናዲስ ጀርባዋን አዙራ አለቀሰች። ሰው በክፋት ቢሞት ለመርገም እንኳ ይመቻል፤ ይህኛው በአንዲት ጆሮ ስንፍና የጠፋ ሰው ነው።

ካድሬው ግን እስክሪብቶውን አውጥቶ ነበር። አንድ ገጽ ሙሉ ሲጽፍ ፈረደ ከትከሻው በላይ አየው። ከላይ በጉልህ «ድንበር ማሻገር፣ ፀረ አብዮት» ይላል።

«ጓድ፣ ሰው መግደል የሚለውን ያስቀድሙ። የሞተ ሰው አለ።»

«ያው አንድ የቀን ሠራተኛ ነው፣ ሃምሳ አለቃ። ድንበሩ ይበልጣል። ማንን ማንን እንዳሻገረ ይነግረናል።» ቀና ብሎም አላየው። ወታደሮቹ ቸሩን ብብቱን ይዘው አነሡት፤ መኪናዋ አቧራዋን አስነሥታ ወደ ገንዳ ውሃ ዞረች። ፈረደ ቆሞ አያት። ቸሩ ጆሮው ደንቁሮ ‹ድንበር› ብቻ ሰማ፤ ካድሬው ጆሮው ደህና ሆኖ ያችኑ ብቻ ሰማ። ጫማዋን ካድሬው ሳይጠይቃት ፈረደ ኪሱ መልሶ ከቷት ነበር፤ ከዚያ ወዲያም ለማንም አላሳያትም።

የአዛናውን ገመድ የፈታው እራሱ ነው። ውባንች ባሏን በሁለት እጇ ያዘችው። አዛናው ሊያመሰግን ሲጎነበስ ፈረደ ከለከለው። ጥበቃህን ትተህ ሽሮ ልትበላ ሄደሃል፣ ያም ደንብ መተላለፍ ነው፤ ሰውየውንም በጥፊ መተኸዋል፣ አለው። ለሱ የሚሆን ተግሣጽ እኔ የለኝም፣ ከመቃብሩ ሄደህ ተቀበል፣ አለው። አዛናው ራሱን ነቀነቀ፤ ሚስቱን ይዞ ወደ መቃብሩ ሄደ።

ሰው ከተበተነ በኋላ አቶ ደሞዝ በመዝገቡ ላይ አጎንብሰው ቀሩ። ከአዱኛ ስም ትይዩ «ውጤት» የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ምን ልጻፍ አሉ። ፈረደ የነበረውን ይጻፉ አላቸው፤ ጥፋቱ ደንብ መተላለፍ፣ ቅጣቱ ተግሣጽ፤ ደግሞም በሌላ ወረቀት ገልብጠው ማኅተም ያድርጉበትና ለአገሩ ልጆች ይስጡልኝ፤ እናቱ ልጅሽ ወንጀለኛ ሆኖ በእስር ቤት ሞተ የሚል ወሬ እንዳይደርሳት።

ወረቀቱን የተቀበለው ጥሩአየሁ የሚባል የደጋ ዳሞት አጫጅ ነው፤ የአዱኛ ጎረቤት ነበር። አጣጥፎ ቆቡ ውስጥ ከተተው። ጥቂት ሄዶ ተመለሰ።

«ሃምሳ አለቃ፣ እናቱ እማማ አሰበች አያነቡም። ‹ተግሣጽ ማለት ምንድን ነው?› ብለው ቢጠይቁኝ ምን ልበላቸው?»

ፈረደ የሕግ መጽሐፉን በጨርቁ እየጠቀለለ ነበር።

«‹ሁለተኛ እንዳትለምደው› ብሎ ወደ ቤቱ መስደድ ማለት ነው በላቸው።»